ክሊፑ የማን ነው?

በዚህ ዓምዳችን ስለ ቤት ገንዘብ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት መነጋገር ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ጉዳዩ በስልካችን ላይ በየዕለቱ የምናየው አዲሱ የዝማሬ ክሊፕ ነው።

እስቲ ዘወር ብላችሁ ጉባኤያችሁን ተመልከቱ። ግጥሙን ራሱ የሚጽፍ፣ ዜማውን ራሱ የሚያወጣ፣ ጊታሩን ወይም ኪቦርዱን ራሱ የሚጫወት፣ አልፎ ተርፎም በስልኩ ቀርጾ ዩቲዩብ ላይ የሚጭን አንድ ወጣት አታጡም። ምናልባት ይህ ሰው ባለቤታችሁ ነው። ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ ናችሁ። ውጭ አገር እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ኢንዲ ይሉታል። ከትልልቅ አሳታሚ ኩባንያዎች ውጭ በራሱ እግር የቆመ ለማለት ነው። አሳታሚ የለውም፤ ሥራ አስኪያጅ የለውም፤ ወጪውን የሚሸፍንለት ድርጅትም የለውም። ታዲያ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ብዙውን ጊዜ ቤቱ ነው። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የእቁብ ገንዘብ ካሉበት ከዚያው ኪስ ይወጣል።

ዛሬ ስለ ዘፈንና ስለ መዝሙር ልዩነት አንከራከርም፤ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። የዛሬው ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው። ክሊፑ የማን ነው?

ከካሴት ወደ ስልክ

የራስን መዝሙር ራስ ጽፎ መዘመር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ታምራት ኃይሌና ደረጀ ከበደ ራሳቸው በጻፏቸው መዝሙሮች ያደግን ብዙዎች ነን። ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል፤ መዝሙሮቹ ግን በካሴት እየተቀዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ራዲዮ ድምፀ ወንጌል በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ ስለነበር መዝሙር ከቤት ወደ ቤት የሚደርሰው በአብዛኛው በዚያች በካሴቷ ነበር። በዚያን ጊዜ የዘማሪውን መልክ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የሚታወቀው ድምፁ ነው። ቀጥሎ ቪሲዲ መጣና ዘማሪው በምስል ታየ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ መደብሩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ መድረኩም ስልክ ውስጥ ገባ።

በዓለማዊው ሙዚቃም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ድሬዳዋን ብንወስድ በ1950ዎቹ ወጣቶች አፍረን ቀሎ በተባለው ቡድን ተሰባስበው በቋንቋቸው ያዜሙ ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው። «ቢራ» የተባለውም በልጅነቱ ባዜመው ዜማ ምክንያት ነው። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ፣ ዘሪቱ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው አልበም የራሷን ስሜት በራሷ ቃል የምትጽፍ ሴት ድምፃዊ ሆና ታወቀች። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም ራሱ ይዞ ቀረበ። እነዚህን የሚያይ ወጣት «እኔስ ለምን አልሠራም?» ቢል ሊደንቀን አይገባም። መጠየቁም መልካም ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ብቻውን የሠራው በሚመስለን ክሊፕ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ቀረብ ብለን ማየት አለብን።

ሁለት ሰዎችና አንድ እቁብ

እስቲ በመልካ ጀብዱ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት በሐሳባችሁ ሣሉ። መልካ ጀብዱን የማታውቁ ብትኖሩ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ ያለች፣ አዲሱ የባቡር ጣቢያና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ያሉበት አካባቢ ነች። ፀሐይዋ ለማንም አታዳላም። ባል ቀን በፋብሪካ ይሠራል፤ ማታ ጊታሩን ያነሳል። ሚስት ቤቷ ደጃፍ ላይ ሻይና ለስላሳ ትሸጣለች። እቁብ ጥላ ኖሮ ዘንድሮ ተራዋ ደርሷል፤ 60 ሺህ ብር። የሐሳቧ ፍሪጅ መግዛት ነው። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ የሚሸጥ ሰው ገበያ እንደማያጣ ታውቃለች።

ባል ደግሞ አንድ መዝሙር ጽፏል። ጥሩ መዝሙር ነው፤ በጉባኤ ሲዘምረው ሰዎች አልቅሰዋል። «ክሊፕ ሥራለት እንጂ!» ብለውታል። ሄዶ ሲጠይቅ ስቱዲዮው፣ አቀናባሪው፣ ካሜራማኑና ኤዲተሩ ተደምረው 90 ሺህ ብር ሆኑ። ስልሳውን ከእቁቡ፣ ሠላሳውን ከጓደኛ በብድር ሊሞላ አሰበ። ሚስቱ «አቦ፣ ፍሪጁስ?» ስትለው ምን የሚላት ይመስላችኋል? «ለጌታ ሥራ እኮ ነው!» ይላታል።

በዚህ ጊዜ ሚስት ምን ትመልስ? ብትቃወም ጌታን የተቃወመች ትመስላለች። ስለዚህ ዝም ትላለች። ዝም ማለቷን ግን መስማማት ብላችሁ አትቁጠሩት፤ ብዙ ትዳር የተሰነጠቀው እንዲህ ባለ ዝምታ ነው። ጌታ ራሱ ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲያስተምር ተቀምጦ ወጪውን የማስላትን ነገር ቸል አላለም (ሉቃስ 14)። ወጪ ማስላት እምነት ማነስ አይደለም። «ለጌታ ነው» የሚለውም ቃል የትዳር ጓደኛን አፍ መዝጊያ እንዲሆን አልተሰጠንም።

ታሪኩ ላይ አንድ ነገር እንጨምርበት። መዝሙሩ ሲጻፍ አዝማቹ እምቢ ብሎት ነበር። አንድ ምሽት ሚስት ሽንኩርት እየከተፈች አዳምጣው ሁለት ስንኝ ወረወረችለት። ዛሬ ጉባኤው የሚያለቅሰው እነዚያ ሁለት ስንኞች ላይ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ጠንከር አለ። ክሊፑ የማን ነው? አራት ቦታ ከፍለን እንየው።

1. ግጥሙና ዜማው የማን ነው?

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 410/1996 ሲሆን በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ መዝሙር ወጥ ሥራ ሆኖ በወረቀት ወይም በድምፅ ከተቀረጸበት ጊዜ አንሥቶ ጥበቃ ያገኛል። ለጥበቃው ሲባል የግድ መመዝገብ አያስፈልግም። ክርክር ቢነሳ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ረቂቅ አትጣሉ። ቀኑን ጻፉበት፤ በስልካችሁ የቀረጻችሁትንም አስቀምጡ።

ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳቡን ሳይሆን የተገለጸበትን ቃልና ዜማ ነው። «ስለ ምሕረት ብትጽፍ» ብሎ ሐሳብ የሰጠ ሰው ደራሲ አይደለም። ስንኙን የሰጠ ግን ደራሲ ነው። እንግዲህ ሽንኩርት እየከተፈች ሁለት ስንኝ የሰጠችው ሚስት የግጥሙ ተባባሪ ደራሲ ናት ማለት ነው። በክሊፑ መጨረሻ ላይ «ግጥም» ተብሎ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሲመጣ ምን ይሰማታል? እናንተ ወንድሞች፣ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ስሟን መጻፍ ምንም ገንዘብ አያስወጣም፤ አለመጻፉ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ደግሞ ይህ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስና ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። የኢኮኖሚ መብቱም ለወራሾች ይተላለፋል። ይህን ስታስቡት መዝሙሩ ለልጆቻችሁ የምታወርሱት ንብረት ነው። መሬትና ቤት ሲሆን ካርታና ውል እናዘጋጃለን፤ መዝሙር ሲሆን ግን «በመንፈስ የመጣ ነው» ብለን አንዲት ወረቀት እንኳ አንጽፍም።

2. ድምፁና ምስሉ የማን ነው?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዝሙሩ አንድ ነገር ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ሌላ ነገር ነው፤ ክሊፑ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ባለቤቶቻቸው አንድ ሰው ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ። በስቱዲዮ የተቀዳው ዋናው ቅጂ፣ ማስተሩ፣ ማን እጅ ነው? ክሊፑ የተጫነበት የዩቲዩብ ቻናል የማን ነው? የይለፍ ቃሉን የያዘው ማነው?

ከውጭው ዓለም ሁለት ምሳሌ ልንገራችሁ። ኦኬ ጎ የተባለ የአሜሪካ ባንድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ክሊፕ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። አራቱ ልጆች በስምንት ትሬድሚሎች፣ ማለትም በአንድ ቦታ ላይ በሚያስሮጡ የስፖርት ማሽኖች ላይ፣ እየዘለሉ ሲያዜሙ አንዲት ካሜራ ከፊት ቆማ ሳትቋረጥ ትቀርጻቸዋለች። ሌላ ምንም የለም። እንቅስቃሴውን ያዘጋጀችው የድምፃዊው እህት ናት። ክሊፑ በቀጣዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት አገኘ። አያችሁ? የቤተሰብ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ ባንዱ በዚያን ጊዜ ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ጋር ውል ነበረው። የክሊፖቹ መብት በኩባንያው እጅ ስለነበር፣ ኩባንያው በኋላ ሰዎች ክሊፖቹን ወስደው በየገጻቸው እንዳያሳዩ ከለከለ። ክሊፖቹን ያስፋፋው ያው ከሰው ወደ ሰው መተላለፋቸው ነበር። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኩባንያው ወጥቶ የራሱን አቋቋመ። በራሳቸው እጅና ላብ የሠሩት ነገር ላይ ሌላ ሰው «አይሆንም» የማለት መብት ነበረው።

ሁለተኛዋ ቴይለር ስዊፍት ናት። ዘፈኖቿን የምትጽፈው ራሷ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞቿ ማስተር ግን የኩባንያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩባንያው ሲሸጥ ማስተሮቹም አብረው ተሸጡ። እርሷም ከ2021 ጀምሮ አልበሞቿን እንደ አዲስ እየቀዳች ማውጣት ጀመረች። ይህን ማድረግ የቻለችው ዘፈኖቹን የጻፈቻቸው ራሷ በመሆኗ ነው። ማስተሮቹን መልሳ በእጇ ያስገባችው በ2025 ነው። በገንዘብ የማትታማ ሴት እንኳ የራሷን ድምፅ መልሳ ለመግዛት ስድስት ዓመት ከፈጀባት፣ በመልካ ጀብዱ ያለው ወንድማችን ያልፈረመበትን ወይም ሳያነብ የፈረመበትን ነገር እንዴት ያስመልሰዋል?

«ስፖንሰር እሆንሃለሁ» የሚል ወንድም ሲመጣም በደስታ አመስግኑት፤ ነገር ግን ጠይቁት። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ሽርክና? ሦስቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። መልሱን ተቀብላችሁ በጽሑፍ አድርጉት። አንዱ በሌላው ላይ እምነት ያላቸው ሰዎች ስለሚፈርሙ ወዳጅነታቸው አይቀንስም፤ ይልቁንም ይጠበቅላቸዋል።

3. ገንዘቡና ጊዜው የማን ነው?

አሁን ወደ እቁቡ እንመለስ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ ነው። በርካታ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። መልካ ጀብዱ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ስለሆነች የእነዚያ ባልና ሚስት ጉዳይ በዚህ ሕግ ይታያል። አንቀጽ 62 እንደሚለው ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ይህ በሁለቱም በኩል ይሠራል። የሻይዋ ገቢ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ መዝሙሩ ነገ ቢያስገኝ የሚያስገኘው ገንዘብም የእርሱ ብቻ አይደለም።

አንቀጽ 68 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር፣ ከ100 ብር በላይ ስጦታ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። አዎ፣ አምስት መቶ ብር ነው። ዛሬ ይህ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሕጉ ግን ያው ነው። እንግዲህ ያ 30 ሺህ ብር የባል የግል ጉዳይ አይደለም። ያልተስማማ የትዳር ጓደኛ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚችልም ሕጉ ይፈቅዳል። ይህን የጻፍነው ማንም ባለቤቱን እንዲከስ አይደለም! «የሁለታችን ነው» የሚለው ቃል የሰባኪ ምክር ብቻ ሳይሆን የአገርም ሕግ መሆኑን እንድታውቁት ነው።

«ገንዘቡ ከዩቲዩብ ይመለሳል» የሚሉም አሉ። እስቲ አብረን እናስላው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል ከሚጠይቃቸው መመዘኛዎች ዋነኛው ቻናሉ ቢያንስ 1,000 ተከታዮች እንዲኖሩትና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት እንዲታይ ነው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። የአራት ደቂቃ ክሊፕ ካላችሁ ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው ቢያየው 60,000 ጊዜ መታየት አለበት። ሰው ግማሹን አይቶ የሚያልፍ ከሆነ 120,000 ጊዜ። ይህ ሁሉ ሆኖ የሚገኘው ገንዘብ ሳይሆን በሩ ነው። ደግሞም አሠራሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ስለዚህ ለክሊፕ ያወጣችሁትን ገንዘብ እንደማይመለስ ቆጥራችሁ አውጡት። ቢመለስ እሰየው። የማይመለስ ሆኖ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያውኑ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም።

ጊዜስ? የልምምድ ምሽቶች፣ የስቱዲዮ ቅዳሜዎች፣ ክሊፑ ከወጣ በኋላ ደግሞ «ስንት ሰው አየው?» እያሉ ስልክ ላይ የሚጠፉ ሰዓቶች አሉ። ልጆቹን በዚያን ሰዓት ማን ያዘ? ያ ሰውም ለክሊፑ ከፍሏል፤ ስሙ ግን የትም አይጻፍም።

4. ፊቱ የማን ነው?

የዛሬ ክሊፖች የቤት ውስጥ ሕይወትን ማሳየት ይወዳሉ። ሚስት ቡና ስታፈላ፣ ሕፃን በአልጋ ላይ ተኝቶ፣ አሮጊት እናት ሲጸልዩ። ያምራል። ነገር ግን ጠይቃችኋል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 ላይ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ዩቲዩብ ሳይታሰብ የወጣ ሕግ ነው፤ ዛሬ ግን ከመቼውም ይልቅ ያስፈልገናል። አንድ ጊዜ የወጣ ምስል ከቻናላችሁ ላይ ብታጠፉት እንኳ ሌላው አውርዶት ይሆናል፤ ቆርጦ በሌላ ድምፅ ያጫውተው ይሆናል።

«ሚስቴ አይደለችም እንዴ? ምን ፈቃድ ያስፈልጋታል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። ሚስትህ ስለሆነች ነው እንጂ! ከማንም በፊት የምትጠየቀው እርሷ ናት። በክሊፑ ሥር የሚጻፈውን መልካሙንም ክፉውንም አስተያየት ተሸክማ ገበያ የምትወጣው እርሷ ናት። እህቶችም እንዲሁ፤ ባላችሁን ሳትጠይቁ የቤታችሁን ጓዳ ለዓለም አትክፈቱ። ስለ ትዳር ችግር የሚዘመር መዝሙር ከሆነማ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ግጥሙ እውነት በመሆኑ ብቻ የሁለት ሰው ምሥጢር የአንድ ሰው መዝሙር ሊሆን አይገባውም። ሕፃናትን በተመለከተ እነርሱ ፈቃድ መስጠት ስለማይችሉ የምትፈቅዱላቸው እናንተ ናችሁ። ልጃችሁ 15 ዓመት ሲሞላው አይቶት የሚያፍርበት ነገር አለ ወይ ብላችሁ አስቡ።

ያለ ዕዳ ክሊፕ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል። ባለ ስምንት ትሬድሚሉን ክሊፕ አስታውሱ፤ አንድ ካሜራ፣ አንድ ቦታ፣ ብዙ ልምምድ። ለጀማሪ የሚሆኑ ጥቂት ነጥቦች እነሆ።

• ገንዘብ ካላችሁ በመጀመሪያ ለድምፁ አውጡት። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፤ የሚያስጨንቅ ድምፅ ግን ዘግቶ ያልፋል። በስቱዲዮ የተቀዳውን ድምፅ በቀረጻው ቦታ ከፍታችሁ አብራችሁ ዘምሩ።

• በቆላ አገር የቀትር ፀሐይ ለቀረጻ አትሆንም። ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ፊትም በላብ ያበራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚገኝ መብራት ማለት ነው።

• ስልኩን አግድም ያዙ፤ በእጃችሁ ሳይሆን ከወንበር ወይም ከእንጨት ጋር አስራችሁ አቁሙት። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ብዙ ክሊፕ የሚደበዝዘው በጣት አሻራ ነው።

• አንድ ቦታ ይበቃችኋል። የተከራየ መኪናና የማታውቁት ቪላ አያስፈልጋችሁም። ለመዝሙሩ የሚስማማው ቦታ ብዙውን ጊዜ የተጻፈበት ቦታ ነው።

• ከመጫናችሁ በፊት በቤታችሁ ሁለታችሁ አብራችሁ እዩት። አንዳችሁ «ይህ ይውጣ» ያለው ቦታ ይውጣ። ክርክር አያስፈልገውም።

በዚህ መንገድ ቢሄዱ እነዚያ ባልና ሚስት እቁቡን ለፍሪጁ አውለው፣ ከቀዝቃዛው ውኃ ሽያጭ በየወሩ ጥቂት እያስቀመጡ፣ ከስድስት ወር በኋላ ድምፁን በስቱዲዮ ያስቀዳሉ። ክሊፑን አንድ ማለዳ ላይ በስልክ ይቀርጹታል። መዝሙሩ ስድስት ወር በመቆየቱ አይበላሽም፤ እንዲያውም በጉባኤ እየተዘመረ ይበስላል። ሠላሳ ሺህ ብር ዕዳ ግን ስድስት ወር ሲቆይ ጓደኝነትን ያበላሻል።

አንዲት ወረቀት

ከሁሉ በፊት ግን ሁለታችሁ በአንዲት ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ። ግጥሙን የጻፈው ማነው? ዜማውን ያወጣው፣ ያቀናበረውስ? ማስተሩ በማን እጅ ይቀመጣል? ቻናሉ በማን ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት እነማን ናቸው? ስንት ብር እናወጣለን፤ ከየት? ገቢ ቢገኝ ለምን ይውላል? የማን ፊት ይታያል? ቀን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። ከሌላ ሰው ጋር የምትሠሩ ከሆነ እርሱም ይፈርም። ጉዳዩ ከበድ ያለ ከሆነ ወደ ሕግ አዋቂ ሂዱ፤ ይህ ዓምድ የጥብቅና ቢሮ አይደለምና።

የእኛ አባቶችና እናቶች ካሴት ሲያስተላልፉ ውል አልነበራቸውም ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። በዚያን ጊዜ ሰው በመዝሙር የሚያገኘው እስር ነበርና የሚካፈሉት ገቢ አልነበረም። ዛሬ ነጻነቱም፣ ገበያውም፣ ፈተናውም ተለውጧል። የዛሬው ፈተና መዝሙሩ ከቤት ወጥቶ ዓለምን ሲዞር፣ በቤት ውስጥ የቀረው ሰው ባይተዋር መሆኑ ነው።

ለባልና ሚስት የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችን «ለጌታ ነው» ወይም «ለቤታችን ነው» ተብሎ ያለ ውይይት የወጣ ገንዘብ አለ ወይ? በዚያን ጊዜ ዝም ያለው ማን ነበር? ለምን?

2. የትዳር ጓደኛዬ ለሥራዬ ያደረገችውን ወይም ያደረገውን አስተዋጽኦ በሰው ፊት በስም ጠርቼ አመስግኜ አውቃለሁ?

3. አብረን ተቀምጠን የምናያቸው ክሊፖች አሉ? ወይስ እያንዳንዳችን በየጆሯችን ሰክተን ለየብቻ ነው የምናየው?

4. ነገ ከሁለታችን አንዳችን ብንለይ የቀረው ሰው መዝሙሩን፣ ማስተሩንና ቻናሉን ማግኘት ይችላል ወይ?

ውድ አንባቢያን፣ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን እንኳ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ብታነሱት ደስ ይለናል። ስልኩን ግን ለጊዜው ራቅ አድርጉት።